ፊከሱ ቤቱን አቀፈው

እንደ አዲስ አበባ ባለቪላ አረንጓዴ ወዳድ የት ይገኛል? ቤቱ ሲያልቅ ግቢውን ከበር እስከ ጓሮ ታይልስ ያለብሰዋል። መኪና ይቆምበታል፣ ድግስ ሲመጣ ድንኳን ይጣልበታል። አፈር የምትተርፈው ከግድግዳው ሥር ብቻ ነው፣ አንድ ክንድ የማትሞላ። ጥዱም፣ ፊከስ የሚባለው ዛፍም፣ ጽጌረዳውም እዚያችው ላይ ይሰለፋሉ። ተፈጥሮን መውደድ እንዲህ ነው፤ ፓርኪንግ እስካልነካ ድረስ።

አርቆ አሳቢነቱ ደግሞ ይገርማል። ችግኙ ሲገዛ ከነጥቁር ላስቲኩ ጉልበት አይደርስም። ይኼ ሚስኪን ነገር ነገ ጣሪያ ያልፋል ብሎ መጠርጠር ምቀኝነት ነው። ሻጩም «አያድግም» ብሏል። ሻጭ ደግሞ ይዋሻል እንዴ?

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ውሃ አጠጣጡን ነው። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለውን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግንበኛው ይህን ፈርቶ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ፣ በገልባጭ ገረጋንቲ፣ ያ የማያብጠውን ጠጠራማ አፈር፣ አስመጥቶ ሞልቶ ነበር። ፈሪ! ባለቤቱ ግን ደፋር ነው። በጋውን ሙሉ ማታ ማታ የውሃ ጎማውን ከግድግዳው ሥር ለቆ ዜና ያያል። በዚህ በኩል ከሥር የቀረው ጥቁር አፈር አብጦ ቤቱን ያነሳል፣ ጽጌረዳ በሌለበት በዚያ በኩል ደርቆ ያወርዳል። ቤትም እኮ አንድ ቦታ መቆም ይሰለቸዋል።

ፊከሱ ሲጎረምስ ሥራውን ይረከባል። በደረቁ ወራት ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት መጦ ይጨርሳል፣ ያ ጥግ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ላይ በሰያፍ የምትሄድ ቀጭን መስመር ትወጣለች። በነጻ የተገኘ ጌጥ ነው።

ሥሩን ግን አትሙት። ጤነኛ ኮንክሪት ፈልፍሎ ይገባል የሚሉት ስሙን ለማጥፋት ነው። ጨዋ ነው፤ ክፍት በር ይፈልጋል። የሚያንጠባጥብ የፍሳሽ ቧንቧ ካገኘ በመገጣጠሚያው ዘው ይላል፣ ምግቡም መጠጡም እዚያው አለለት። የቤቱ ሰው ይህን የሚሰማው የሽንት ቤቱ ውሃ ወደ ላይ ሲመለስ ነው። ያኔ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። እሱም ከቧንቧው ውስጥ እንደ መነኩሴ ጢም የረዘመ ሥር ጎትቶ ያወጣል። ባለቤቱ ምን ይላል? «ቧንቧው ቻይና ነው!»

አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ግድግዳው ላይ የሚያፈሰውን ዝናብ አልቆጥርም። የጭቃ ቤት ያላቸውማ የበለጠ የታደሉ ናቸው። ከግድግዳቸው ጋር የተለጠፈው ቁጥቋጦ ሥር እርጥበትም ጥላም ስላለ ምስጡ ማንም ሳያየው ወደ ማገሩ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስንጥቁ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል። በሚቀጥለው በጋ እንደገና ሲከፈት ቡገንቪላ ይተከልበትና ይሸፈናል። ከዚያ ደላላ ይጠራል። ደላላውም ፎቶ አንስቶ፣ «ግቢው በአበባ ያሸበረቀ፣ ምንም ወጪ የማይፈልግ» ብሎ ይለጥፈዋል።