ነጩን ዓሣ መንገድ ላይ እየጠበቅን ጨረስነው

ነሐሴ በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ ዓሣ መግዛት ያበሽቀኛል። ነጭ ዓሣው ይመዘናል፣ ሆዱ ይቀደዳል፣ ውስጡ ዕንቁላል ብቻ! ጥቅጥቅ ያለ፣ ቢጫ። ልጁ በጣቱ ጠርጎ ከአንጀቱ ጋር መሬት ላይ ይጥለዋል። ቀጣዩም እንደዚያው። ገዢው ደግሞ «ክረምት ነው፣ ዓሣ ረከሰ» ብሎ ደስ ይለዋል። እንዴት አይረክስ? ዕንቁላሉን ሊጥል ሲሄድ እኮ ነው የተያዘው!

እንግሊዝኛ ለእንዲህ ዓይነት ዓሣ «አናድሮመስ» የሚል ቅጽል አለው። ምንጩ ግሪክ ነው፤ «አና» ሽቅብ፣ «ድሮሞስ» ሩጫ። እንደ ሳልሞን ከባሕር ተነስቶ ወንዝ ውስጥ ለሚራባ ዓሣ ይነገራል። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ባሕር አያውቅም። ስለዚህ «ፖታሞድሮመስ» ይባላል፤ «ፖታሞስ» ወንዝ ማለት ነው። ይህንን ቅጽል እ.ኤ.አ. በ1949 ያስገባው አሜሪካዊው የዓሣ ተመራማሪ ጆርጅ ማየርስ ነው። ሩጫው ግን ያው ሽቅብ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ዓሣው ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ጠጠርና ጥሩ ውሃ ያለው ገባር ይፈልጋል።

እኛስ? የወንዙን አፍ በመረብ እንዘጋለን! ይባስ ብሎ ላይኛው ወንዝ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ። ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይሄ ማስገር ነው እንዴ? ዘሩን መንቀል ነው እንጂ!

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ የነጭ ዓሣው ክምችት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዝርያ አይደለም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅም የራሱ ብቻ የሆኑ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ነበሩት። ከሞላ ጎደል አለቁ።

«አስጋሪው ምን ይብላ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀረሶ (ቲላፒያ) አለ እኮ! እሱ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል፣ ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም። ደግሞ በደንገል ታንኳ አንድ ሁለት መረብ የሚጥለውን ምስኪን አይደለም የምወቅሰው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ክረምት ላይ የወንዝ አፍ የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ግን አላየሁም። ከሐምሌ እስከ መስከረም እነዚያን ጥቂት የወንዝ አፎች ብቻ መተው ይሄን ያህል ከባድ ነው? ሐይቁ ሙሉ ክፍት እያለ!