ቆለጥ ለቆለጥ፣ ኦቫሪ ለኦቫሪ

የዘመኑን ሰው እምነቱን ነው የማደንቅለት። ልጅ እምቢ ብሎት ሀኪም ጋ ሄዶ "እስቲ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አድርግ" ሲባል ማስረጃው የታለ፣ የመድኃኒት ካምፓኒዎች ሴራ ነው ብሎ የሚከራከር ጀግና፣ አሜሪካ ውስጥ ደርቆ ተፈጭቶ ካፕሱል የገባ የኮርማ ቆለጥ ኦንላይን ሲያይ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ካርዱን ይመዛል፣ ለሚስቱም የላም ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ይጨምርላታል። የሚያምህን ብላ፣ አለቀ! (ኮርማ መሆኑን ብቻ አጣሩ፣ ከሰንጋማ ምን ሊገኝ።)

ታሪክ የለውም እንዳትሉ ደሞ። ብራውን ሴካር የሚባል አንቱ የተባለ ሳይንቲስት በ1889 እ.ኤ.አ. በ72 ዓመቱ የውሻና የጊኒ ፒግ ቆለጥ ጭማቂ ራሱን ወግቶ ጉልበቴ ተመለሰ ብሎ ፓሪስ ላይ አውጇል። አሜሪካ ውስጥ የካንሳስ ስቴቱ ብሪንክሊ ለወንዶች የፍየል ቆለጥ እየተከለ ከበረ፣ በ1930 የህክምና ፈቃዱን ሲቀሙት በዛው ዓመት ለስቴቱ ገዢነት ተወዳደረ። የኛ ዘመኑ የኢንተርኔት ዝነኛ ላይቨር ኪንግማ ካሜራ ፊት ጥሬ ቆለጥ ሲበላ ከርሞ በ2022 መጨረሻ ጡንቻ የሚያፈረጥም ስቴሮይድ እንደሚወስድ አመነ። እንዲህ አይነት አባቶች ላሉት ሙያ ጥናት ምን ይሰራለታል? እርግጥ በሰው ላይ ተሞክሮ ለመውለድ ይረዳል ያለ ደህና ጥናት የለም፣ ግን ማን ጠየቀ።

ሂሳቡ ነው ደስ የሚለው። በ1935 አምስተርዳም እነ ላኩዌር የሚባሉ ተመራማሪዎች ቴስቶስተሮንን (ዋናውን የወንድ ሆርሞን) ነጥለው ሲያወጡ ከ100 ኪሎ የኮርማ ቆለጥ ያገኙት ወደ 10 ሚሊግራም ነው፣ ቆለጥ ሆርሞኑን ይሰራል እንጂ እንደ ጎተራ አያከማችማ። ጤነኛ ወንድ በቀን ከ3 እስከ 10 ሚሊግራም ራሱ ያመርታል። ስለዚህ ወንድሜ ቁርስ ላይ ከ30 እስከ 100 ኪሎ ቆለጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ፣ ያንንም ዋጥከው ብንል ጉበትህ አብዛኛውን ሰባብሮ ይጥለዋል። ተሳክቶ ደም ውስጥ ቢገባማ ጉድ ፈላ፣ ከውጭ የመጣ ቴስቶስተሮን ሲበዛ አንጎል በቂ አለ ብሎ ትእዛዙን ያቆምና የስፐርም ምርት ይወርዳል። ልጅ ልውለድ ብለህ የወሊድ መከላከያ ዋጥክ ማለት ነው! እንኳንም አልሰራ።

ሻጮቹ ግን ሀቀኞች ናቸው፣ አይታሙም። አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ "ሆርሞን የለውም" ብለው በኩራት ይጽፋሉ፣ ከስር በደቃቅ ፊደል ደሞ ይሄ አባባል በኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) አልተገመገመም፣ በሽታ ለማከም የታሰበ አይደለም ይላል። የ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብ ማሟያ ህግ ይስራ አይስራ አስቀድመው ለኤፍዲኤ ሳያረጋግጡ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል፣ እነሱም ይህን አልደበቁም። ገዢውም አንብቦታል፣ ማንበቡንስ አንብቦታል፣ ከዛ ቅናሽ አለው ሲባል የሶስት ወር አዘዘ።