ሁለት ቁጥር ጽፎ መለጠፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የሰነበተ ነገር ዛሬ ሞልቶ ስለፈሰሰ ልጽፈው ነው። ጉዳዩ በሪሞት በሚነዳ ሞዴል ታንክ ላይ መብራት መግጠም ነው። «ይህ ደግሞ ምን ብሶት ይሆናል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሦስት ወር ቅዳሜና እሁዱን የከፈለበት ሥራ ባልተጻፈ ቁጥር ምክንያት ዓይኑ እያየ ሲቃጠል የተመለከተ ሰው ይረዳኛል።

ታንኩ ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያነሰ የጀርመን ታይገር ነው። በርበሬና ሽሮ ጭኖ የሄደ የዘመዴ ሻንጣ ሲመለስ ይዞልኝ መጣ፤ ስለዚህ ነገ ሌላ እገዛለሁ የሚባል ዕቃ አይደለም። በኋላ የተመረተው ዓይነት ስለሆነ የፊት መብራቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ብረቱ መሐል የተተከለ ነው። የፈለግሁት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፣ ከመትረየሱ አፍ ደግሞ ሲተኩስ ብልጭ የሚል፣ በድምሩ ሦስት ኤልኢዲ (ትናንሽ የመብራት ፍሬዎች) ነው። ሦስት!

በስሌቱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ከባትሪው ቮልት ላይ ኤልኢዲው የሚበራበትን ቮልት ቀንሶ፣ የተረፈውን ኤልኢዲው ለሚችለው ከረንት ማካፈል ነው፤ የሚገኘው መልስ የሬዚስተሩ፣ ማለትም ከረንቱን የሚገድበው ትንሽ ዕቃ፣ መጠን በኦም ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው የኦም ሕግ ከዚህ አያልፍም። የሚያንገበግበኝ ወደ ስሌቱ የሚገቡትን ቁጥሮች የሚነግር መጥፋቱ ነው።

ባትሪው ራሱ እውነቱን አይናገርም። ላዩ ላይ 7.4 ቮልት ይላል፤ ሁለቱ የሊቲየም ሴሎች ሞልተው ከቻርጀር ሲወጡ ግን 8.4 ቮልት ናቸው። ልዩነቱ አንድ ቮልት ቢሆንም ኤልኢዲ አምፖል አይደለምና አንዴ መብራት ከጀመረ በኋላ ትንሽ ቮልት በተጨመረች ቁጥር ከረንቱ ሽቅብ ይወረወራል። ይህን በመመሪያው ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻል ነበር፤ መመሪያው ግን ታንኩን ወደ አፍ እንዳናስገባ ሲመክር ገጹን ጨርሶታል።

የኤልኢዲዎቹ ከረጢት ደግሞ ይብሳል። ሻጩ «ከ3 እስከ 12 ቮልት» ብሎ ጽፎበታል። ይህ ማለት «ከ30 እስከ 45 ቁጥር ለሆነ እግር የሚሆን ጫማ» ብሎ እንደ መሸጥ ነው። ነጩ ኤልኢዲ በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ነው ብርሃኑን ነጭ የሚያስመስለው። ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ የበለጠ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ቀዩ በ2 ቮልት አካባቢ ሲበራ ነጩ ወደ 3.2 ቮልት ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ትናንሽ ኤልኢዲዎች ደግሞ የሚችሉት ከረንት 20 ሚሊአምፒር ያህል ነው። ሻጩ ከእኔ የደበቃቸው ቁጥሮች እነዚህ ብቻ ናቸው።

በዚያ ላይ ምክር ሰጪ አለ። ባትሪዬ ስንት ቮልት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ «100 ኦም አድርግበት፣ ለሁሉም ይሆናል» ያለኝን ሰው አምኜ፣ በየድኩ፣ የፊት ብረቱንም በሱፐር ግሉ አጣብቄ ዘጋሁት። አብርቼ ሳየው እንዴት ያምር ነበር! ከ10 ደቂቃ በኋላ ነጩ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ኋላ ተረጋግቼ ሳሰላው ከ8.4 ላይ 3.2 ተቀንሶ የተረፈው 5.2 ቮልት ለ100 ሲካፈል 52 ሚሊአምፒር ሆኖ አገኘሁት፤ ከሚችለው ከእጥፍ በላይ ነው የጫንኩበት። ያ ሬዚስተር የአህያ ባል ሆነብኝ፤ ቆሞ እያየ አስበላት።

ትክክለኛው ስሌት 260 ኦም ስለሚሰጥ የሚገዛው 270 ነው፤ ለቀዩ ደግሞ 320 ይመጣና 330 ይገዛል። ከኤልኢዲዎቹ ጋር «በነጻ» የመጡትን ሬዚስተሮች ዘርግፌ 270 መፈለግ ጀመርኩ። ገላቸው ሰማያዊ፣ ቀለበታቸው አምስት፣ ጽሑፍ የሚባል ነገር የላቸውም። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡናማ ከሆነ 270 ነው፤ አራተኛው ቀለበት ከጥቁር ወደ ቡናማ ከተቀየረ ግን 2,700 ይሆናል። በሰማያዊ ገላ ላይ፣ ከሰል የሚመስል ቡናማን ከጥቁር በሌሊት መብራት ለዩ ብትባሉ ትለያላችሁ? እኔ አልለየሁም። ሁለተኛው መብራት የሞተ ከሰል መሰለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሬዚስተር በቴስተር ሳልለካ አልነካም።

ሦስተኛው ጥፋት የራሴ ስንፍና መሆኑን አምናለሁ፦ ሽቦ ለመቆጠብ ብዬ ቀዩንና ነጩን ጎን ለጎን አገናኝቼ ለሁለቱም አንድ ሬዚስተር ሰጠኋቸው። ቀዩ 2 ቮልት ላይ በርቶ መስመሩን በሙሉ ወደዚያው ስለጎተተው፣ ነጩ 3.2 ቮልቱን ሳያገኝ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የራሱ ሬዚስተር ያስፈልገዋል።

የመትረየሱ ነገር ግን የእኔ ጥፋት አይደለም። ታንኩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያለውን የመትረየስ መብራት መሰኪያ በቴስተር ስለካው ወደ 8 ቮልት አሳየኝ፤ ስለዚህ እንደ ሕጉ 270 ኦም አስገባሁ። ብልጭታው በቀን ብርሃን የማይታይ ሆነ። አጉሊ መነጽር አምጥቼ ስመለከት ከመሰኪያው ጀርባ ሩዝ የማታክል ጥቁር ነገር ላይ «331» ተጽፏል፤ ትርጉሙም 33 ላይ አንድ ዜሮ ጨምሩ፣ 330 ኦም ነው ማለት ነው። ቦርዱ አስቀድሞ ሬዚስተር አለው! ምንም ከረንት ሳይፈስ የሚለካ ቮልት ደግሞ ያን ሬዚስተር አያሳይም። «ይህ መሰኪያ ሬዚስተር አለው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አራት።

ለዚህ ሁሉ ዋጋውን የከፈለው ዚመሪቱ፣ ማለትም የታንኩ የላይ ልስን፣ ነው። ከ1943 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመኖች ማግኔት ያለው ፈንጂ እንዳይጣበቅባቸው ታንኮቻቸውን ይለስኑበት የነበረውን ሸካራ ልስን፣ እኔ በስቱኮና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ መስመር በመስመር ስሠራው አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ያንን ነው የተቃጠለ ኤልኢዲ ለማውጣት በቢላዋ የቆረጥኩት። ጠግኜዋለሁ፤ ግን የተጠገነው መስመር ከጎኑ ካለው ጋር አይገጥምም፣ ቀለም ቢቀባም ያሳብቃል።

አሁን ሦስቱም ይበራሉ። የታንኩን ክዳን ከመዝጋቴ በፊት ከውስጥ በኩል ወረቀት ለጥፌ «ባትሪ 8.4፣ ነጭ 270፣ ቀይ 330፣ መትረየስ ሬዚስተር አይጨመርበት» ብዬ ጻፍኩበት። ግማሽ ደቂቃ ፈጀብኝ።