ማስተካከያ፦ የ4ኬ ዲስክ የክልል ኮድ የለውም

ባለፈው ሳምንት ስለ አዳዲስ የፊልምና የተከታታይ ድራማ ዲስኮች ስጽፍ፣ ከአሜሪካ የተገዛ የ4ኬ ዲስክ ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ በተገዛ ማጫወቻ አይሠራም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ከልብ ይቅርታ።

የክልል ኮድ ማለት ዲስኩ በተወሰኑ አገሮች በተሸጠ ማጫወቻ ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ መለያ ነው። የ4ኬ አልትራ ኤችዲ ዲስክ ይህ ኮድ የለውም። የትም ግዙት፣ የትም እዩት። የግድ የሚያስፈልገው የ4ኬ ዲስክ ማጫወቻ ነው። ተራ የብሉሬይ ማጫወቻ አያነበውም።

ያደባለቅሁት ከብሉሬይና ከዲቪዲ ጋር ነው። በብሉሬይ አሜሪካ "ኤ" ናት፤ ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና የባህረ ሰላጤው አገሮች "ቢ" ናቸው። በዲቪዲ ደግሞ አሜሪካ 1፣ የባህረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ስለዚህ ዘመድ ከዋሽንግተን የላከላችሁ ዲቪዲ አዲስ አበባ ላይ አልከፍት ቢል፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። ኮዱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ የ4ኬ እሽግ ውስጥ ብሉሬይም አብሮ ይመጣል። እሱን ኮዱ ሊያግደው ይችላል። ቃለ መጠይቁና የቀረጻው ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ላይ ነው! ከመክፈላችሁ በፊት የሽፋኑን ጀርባ እዩ፤ በዲቪዲ ላይ ቁጥሩ በሉል ምልክት ውስጥ ታትሟል።