ዋጋ በውስጥ መስመር

እኛ አገር ምስጢር አይጠበቅም የሚል ሰው ቴሌግራም የለውም ማለት ነው። የጎረቤታችንን ደመወዝ እናውቃለን። የሙሽራዋን ዕድሜ፣ የሙሽራውን ዕዳ እናውቃለን። የሰው የላቦራቶሪ ውጤት ከባለቤቱ ቀድሞ እኛ ጋ ይደርሳል። የአንድ ኪሎ ሽሮ ዋጋ ግን አይነገርም። ፎቶው አለ፣ ስልኩ አለ፣ «ከ3 ኪሎ በላይ ለሚያዙ ያሉበት እናደርሳለን» የሚለው አለ፣ አራት እሳትና ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች አሉ። ዋጋውን ፍለጋ ጣትህ እስኪዝል ብትወርድ መጨረሻ ላይ የምታገኘው ይህንኑ ነው፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»።

ከውጭ ሆኜ ማማቴ አይደለም። አንድ ሽሮ ከአደባባይ ተነስቶ ምስጢር ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የጻፍኩትም እኔው ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላት። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ማስታወቂያዋ ሽታ ነበር። የማረቆ ዛላ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሰፈሩ ማስነጠስ ይጀምራል። ሦስተኛው ጎረቤት ካስነጠሰ በርበሬው ሊደርስ ነው፤ ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ለመንገደኛ ደግሞ በሩ ላይ የዘይት ካርቶን ተንጠልጥሎ በከሰል «ምጥን ሽሮ አለ» ተብሎበታል። ከሥሩ የካርቶኑ የራሱ ጽሑፍ «ንጹህ የምግብ ዘይት» ይላል። አንድም ሰው ተሳስቶ ዘይት ጠይቆ አያውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ለማስታወቂያ ሥራ ሽልማት ስጥ ቢሉኝ የምሰጠው ለጠላ ቤት ጣሳ ነው። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንድ ጣሳ ይደፋል፤ አለቀ። ጠላ አለ ማለት ነው። ያልተማረ ያነበዋል፣ የሰከረም ያነበዋል። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። «ላይክ ሼር ማድረግ እንዳይረሳ» የሚል ጣሳ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእቴቴ ታናሽ ልጅ በማርኬቲንግ ተመረቀች። ሁለት ዓመት ሥራ ስታፈላልግ ከርማ፣ ሥራ ያለው እናቷ ጓዳ ውስጥ መሆኑ አንድ ቀን ታያት። ሽሮ የምትነፋ እናቷ ፊት ቆመችና፣

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ብራንድ ነሽ» አለቻት።

እቴቴ ከወንፊቱ ቀና ሳትል «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለች።

በስሙ ሦስት ቀን ተከራከርን። እኔ «እቴቴ ባልትና» ይባል አልኩ። ልጅቱ ባልትና የሚለው ቃል ይከብዳል፣ «ለወጣቱ አይሄድም» አለች። ወጣቱ ሽሮ የሚበላው እናቱ ስትሰጠው መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነም። «ኢቲ ኦርጋኒክ» ሆነ።

«ኦርጋኒክ ምንድን ነው?» አለች እቴቴ።

«ኬሚካል ያልነካው፣ ንጹህ ማለት ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ከሸጥኩት በምን ይለያል?»

«በዋጋ።»

ቀጥሎ ፎቶ መጣ። ሽሮ ስንት ሙያ ያለበት ነገር ነው፤ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይገባበታል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይጠበቅለታል። ፎቶ ላይ ግን ውለታ ቢስ ነው። ነጩን ሽሮ በከረጢት ከፍተን፣ መብራት አብርተን፣ ከጎኑ የሸክላ ድስት አስቀምጠን አነሳነው። በማግስቱ ገጹ በመልእክት ተጥለቀለቀ። ልጅቱ በደስታ ጮኸች። ከፍተን ስናነብ ግማሹ ሰው የሚጠይቀው «ሲሚንቶው የደርባ ነው የዳንጎቴ?» እያለ ነው። ያን ሰሞን ሲሚንቶ በመብራት ይፈለግ ነበር። አንዱማ «ጥራቱ ይታያል፣ 50 ኩንታል እወስዳለሁ» ብሎ ስልኩን አስቀምጧል። እስከ ዛሬ እቴቴን የሚቆጫት ይኼ ሰው ነው።

ከፎቶው በኋላ ሰው ማብዛት ነበር። መጀመሪያ ዘመድ ሁሉ በግድ ወደ ቻናሉ ገባ። ሽሮ ቀርቶ ስልክ ራሱ የማይወዱ አጎቴ ሳይቀሩ አባል ሆኑ፤ ማታ ማታ ማሳወቂያው ሲጮህባቸው ሰው የሞተ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ዘመድ ሲያልቅ ልጅቱ ከአንድ ልጅ ላይ አንድ ሺህ አባል ገዛች። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት ገባ፤ አንዱም አማርኛ አያውቅም፣ ፊትም የለውም። እቴቴ ዝርዝሩን በመነጽሯ አየችና «እነዚህን ሁሉ ማን ያበላልሻል?» አለች። ድግስ መስሏት ነው።

ከዚያ የሰው ግሩፕ ውስጥ እየገቡ መለጠፍ ተጀመረ። የሃይስኩል ተማሪዎች ግሩፕ፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግሩፕ፣ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ግሩፕ። ከሁለት ቪትዝ መሀል የእቴቴ ሽሮ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ቦታ ተባረርን፣ አንዳንዱ ቦታ ተሰደብን፤ ልጅቱ ስድቡንም «ኢንጌጅመንት» ብላ ቆጠረችው። ነገሩ የተበላሸው የዕድሩ ግሩፕ ላይ ነው። የአንድ አባል እናት አርፈው፣ የቀብሩ ሰዓት ተለጥፎ፣ ሰው ከሥር «ነፍስ ይማር» እያለ ይሰለፋል። ከነፍስ ይማሩ መሀል እንዲህ የሚል ብቅ አለ፦ «ለአርባም ለዝክርም የሚሆን ምጥን ሽሮ አለን። ለሐዘንተኞች ልዩ ቅናሽ። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ከሥሩ የደስታ ርችት።

የዕድሩ ሊቀ መንበር ያንኑ ማታ ቤት ድረስ መጡ። እቴቴ የምትገባበት ጠፋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አምስት ኪሎ ሽሮ አስይዛ ለቅሶ ቤት ሄደች፣ ይቅርታ ጠይቃ አስተዛዝና መጣች። ሽሮው በድንኳኑ ሰው ተበልቶ ተወደደ፤ ለአርባው ከሷው አዘዙ። ልጅቱ በደብተሯ ላይ አምስቱን ኪሎ «ሳምፕል» ብላ መዘገበችው። በነገራችን ላይ በዚያ ወር ትልቁ ሽያጭ የአርባው ትእዛዝ ነበር።

አሁን ወደ ውስጥ መስመር እንግባ። ልጅቱን «ዋጋውን ለምን አትጽፊውም?» ብዬ ጠየቅኳት። ተፎካካሪ ያየዋል አለችኝ። ተፎካካሪዋ አጥር የሚጋሩን ሴትዮ ናቸው፤ ሽምብራውን ከእህል በረንዳ ከእቴቴ ጋር በአንድ ሚኒባስ ነው የሚያመጡት፣ የታክሲውን ሒሳብ ሳይቀር ይካፈላሉ። ቆይቶ ነው ትክክለኛው ምክንያት የገባኝ። የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ጫማህን ያያል። ውስጥ መስመር የገባህ እንደሆነ ደግሞ ፕሮፋይልህ ይታያል። መኪና ተደግፈህ የተነሳህ እንደሆነ አንድ ዋጋ፣ የመላእክት ሥዕል ካለህ ሌላ ዋጋ። እኔ ራሴ ለሙከራ በሌላ ስልክ ገብቼ ጠየቅኩ። ፎቶዬ ዱባይ ለሥልጠና የሄድኩ ጊዜ የተነሳሁት ነበር። ከገዛ አክስቴ ሽሮ ላይ በኪሎ 80 ብር ተጨመረብኝ።

ገዢውም የዋዛ አይደለም። ማስታወቂያው ሥር «ዋጋ» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው «ዋጋ?» ይላል። አንዳንዱ ለፊደል እንኳ ሳስቶ «ፒ» ብሎ ያልፋል፤ ፕራይስ ማለቱ ነው። ማንም የማንንም አያነብም። በመሀል አንዱ «አሜን» ይላል፤ ለምን እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አንዷ «ሸክላ የለበትም?» ብላ ጠየቀች። ይኼን በርበሬ ላይ ቢሉት አይፈረድባቸውም፤ ሽሮ ላይ ግን እቴቴን አስለቅሷታል።

ውስጥ መስመር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ልጅቱ በገጹ ፊት ላይ የራሷን ፎቶ አድርጋ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ሰላም ቆንጆ፣ አልተኛሽም?» የሚል ይመጣል። ሽሮ ሌሊት የሚርባቸው ብዙ ወንዶች እንዳሉ ያወቅነው ያኔ ነው። አንዱ አንድ ወር ሙሉ ሲጽፍ ኖሮ ግማሽ ኪሎ አላዘዘም። በመጨረሻ እቴቴ ፎቶው ይቀየር አለችና የእሷ ተደረገ፤ በሻሽ፣ ፊቷን ቋጥራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጥ መስመር ጸጥ አለ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ታደርሳላችሁ?» የሚል የመጣ ጊዜ ቤቱ ሌላ ሙቀት ገባበት። ልጅቱ «ኢንተርናሽናል ሆንን» አለች። እቴቴ የት እንደሆነ ሲነገራት ሳቀች። በርበሬዋ አሜሪካ ከገባ እኮ ቆይቷል። ከሰፈራችን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ፣ ለራሱ ይዞ አያውቅም፤ ለእገሊት ሦስት ኪሎ፣ ለእገሌ እናት አምስት ኪሎ ተብሎ ይሞላና የመንገደኛው ሁለት ሸሚዝ ሽሮው እንዳይንኳኳ ዙሪያውን ይወተፋል። ገጽ አልነበረም፣ ቻናል አልነበረም፤ ሚዛን ብቻ ነበር።

በየካቲት 2015 ፌስቡክም፣ ቴሌግራምም፣ ቲክቶክም ተዘጉና እስከ ሐምሌ በቪፒኤን ኖርን። ልጅቱ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ማስታወቂያ ልታስገፋ ነበር፤ ፌስቡክ የሚፈልገው የዶላር ካርድ ስለሆነ ካርድ ላለው ልጅ ብር ሰጥታ «ቡስት» አስደርጋለች። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው መዘጋቱ። ያም ሆኖ አንድ ቀን የገጹን ሪፖርት ከፍታ እየሮጠች መጣች። አብዛኛው ተመልካቻችን ኔዘርላንድስ ነው!

እቴቴ ግራ ገባት። «ፈረንጆቹ ሽሮ መቼ ለመዱ?»

ሰዎቹ ፈረንጆች አይደሉም፤ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፣ ቪፒኤኑ በዚያ አዙሯቸው ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። እቴቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው፣ ጎረቤቶቿ ሽሮ ለማየት በኔዘርላንድስ በኩል ዞረው እንደሚመጡ ነው። «በሩ እኮ ክፍት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ዓመት የ55 ቀኑ ጾም ሲገባ፣ ማለትም የሽሮ መኸር ሲደርስ፣ እውነተኛ ትእዛዝ መምጣት ጀመረ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አድራሻ የሌላት ከተማ መሆኗ ታወሰን። ባለሞተሩ ልጅ ፒያሳ ሽሮ ሊያደርስ ሄዶ ይደውላል።

«የት ጋ ልምጣ?»

«ዶሮ ማነቂያ መግቢያው ጋ ቆሜያለሁ።»

«ዶሮ ማነቂያ እኮ ፈርሷል።»

«አዎ፣ የነበረበት ጋ።»

በ2016 ያ አካባቢ ከፈረሰ ወዲህ ባለሞተር የሚመራው በካርታ ሳይሆን በትዝታ ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ የማያውቀውን ሆቴል፣ ያላየውን ሻይ ቤት እየጠሩለት «ከሱ ዝቅ ብሎ» ይሉታል። ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዞ ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ አምፑሎች ሥር አንድ ሰዓት ቆሞ የዋለበት ቀን አለ። ለነዳጅ የወጣው ከትርፉ በለጠ።

ክፍያው ደግሞ በቴሌብር ነው፤ እቴቴ ቴሌብርን ትወዳለች፣ ዝርዝር ብር አያሳጣም። የማትወደው «ስክሪንሾት ልኬያለሁ» የሚለውን ቃል ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ ደንበኛ ስምንት ኪሎ ሽሮና አራት ኪሎ በርበሬ አዘዘ፤ ከፍያለሁ ብሎ ማስረጃውን ላከ፤ ልጅቱ አይታ ዕቃውን ሰጠች። ማታ ሒሳቡ ሲታይ የገባ ነገር የለም። ማስረጃው በስልክ የተሠራ ኖሯል፤ ቀኑ እንኳ የሌላ ጊዜ ነበር። ሰውየውን ስንፈልገው ከቻናሉ ወጥቷል።

እቴቴ ስልኩን ተቀብላ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ ብሩ ነው ወይስ የብሩ ፎቶ?»

ማንም አልመለሰላትም።

«እናንተስ የሽሮውን ፎቶ አይደል የምትሸጡት። የብር ፎቶ ከፈሏችሁ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ካርቶኑ ተመልሶ ተሰቀለ፤ ይኼኛው የፓስታ ነው። ልጅቱ ግን ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም። አሁን ሥልጠና ትሰጣለች። «ከጓዳዎ ተነስተው ሚሊዮኖች ጋ ይድረሱ» ይላል ማስታወቂያው፤ እጇን አጣጥፋ፣ ኮት ለብሳ ቆማለች፣ ከጀርባዋ የኔዘርላንድስ ሪፖርት ይታያል። ሠልጣኞቿ ከእኛ ሽሮ ደንበኞች ይበልጣሉ። ባለፈው እሑድ እቴቴ ጋ ቡና ልጠጣ ሄጄ ሳለ ስልኳን አቀበለችኝ፣ መነጽሯ ጠፍቶባታል።

«ስንት ነው የምታስከፍለው? አንብብልኝ እስቲ።»

«ዋጋ በውስጥ መስመር ይላል።»

ሲኒውን አስቀመጠች። ልጅቱ ጓዳ መሆኗን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጠይቅልኝ» አለች። «ግን በኔ ስልክ አይሁን። እኔ መሆኔን ካወቀች ትጨምርብኛለች።»