እርማት፦ የቴነር ሳክስፎንን ድምፅ የሚወስነው ብረቱ አይደለም

«የብረት ማውዝፒስ ድምፁ ስለታምና ጉልበተኛ ነው፤ የጠንካራ ጎማው ለስላሳ ነው» የሚለው አስተያየት እየተደጋገመ ነው (ማውዝፒስ ማለት ተጫዋቹ አፉ ውስጥ የሚያስገባው የሳክስፎኑ ጫፍ ነው)። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልክ አይደለም። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው የማውዝፒሱ የውስጥ ቅርጽ ነው።

ባፍል የሚባለው፣ ከሪዱ (ማውዝፒሱ ላይ ታስሮ ከሚርገበገበው ስስ ምላስ) ጫፍ ትይዩ ያለው የውስጥ ገጽ ለሪዱ ከቀረበና ቻምበሩ (ከባፍሉ ቀጥሎ ያለው የውስጥ ባዶ ቦታ) ከጠበበ ድምፁ ስል ይሆናል። ባፍሉ ከራቀና ቻምበሩ ከሰፋ ይወፍራል። ለምሳሌ የኦቶ ሊንክ የብረት ሞዴል ሰፊ ቻምበር ስላለው ድምፁ ወፍራም ነው። የቫንዶረን ጃምቦ ጃቫ ግን ጎማ ሆኖ፣ ባፍሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ስል ድምፅ ያወጣል። ግራ መጋባቱ የመጣው፣ ገበያ ላይ ያሉ ብዙ የብረት ማውዝፒሶች ባፍላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ሪዱን አውልቃችሁ በመስኮቱ (ሪዱ በሚሸፍነው ክፍት ቦታ) በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከዚያ የጫፍ ክፍተታቸው (በሪዱና በማውዝፒሱ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት) እና የውስጥ ቅርጻቸው የሚቀራረብ አንድ ብረትና አንድ ጎማ በአንድ ሪድ ሞክሩ፤ አድማጭ ጀርባውን ሰጥቶ 3 ሜትር ያህል ርቆ ይለያቸው። የተጫዋቹ ጆሮ እዚህ ላይ አይታመንም፤ ንዝረቱ በጥርሱ በኩልም ይደርሰዋል።

በእርግጥ ብረቱ ከውጭ ቀጠን ስለሚል አፍ ውስጥ የተለየ ስሜት አለው፣ ሪዱን የሚያስረው የጎማው ሊጋቸርም አይገጥመውም። ጉዳቱ ግን ጀማሪው ላይ ነው፦ «ድምፄ እንዲጎላ» ብሎ ጫፉ እስከ 0.110 ኢንች በሰፊው የተከፈተ ብረት ይገዛል፤ የለመደውን 3 ቁጥር (የጥንካሬው መለኪያ ነው) ሪድ ሲገጥምበት ትንፋሹ ያልቃል፣ ድምፁም ይሻክራል። ስትገዙ መጀመሪያ የክፍተቱን ቁጥርና ባፍሉን ጠይቁ።