ይድረስ ለክቡር ካልኩለስ ዋን ዘክረምት

ቁጥር፦ 64/8
ቀን፦ ሐምሌ፣ ዝናቡ ባየለበት ሰዓት
ጉዳዩ፦ የተወሰዱብንን 56 ሌሊቶች ስለማስመለስ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ የክረምት ተማሪዎችዎ በእርስዎ ቸርነት ከእንቅልፍ በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም።

«የክረምቱ ካልኩለስ ከመደበኛው የተቆረጠ ነው» እያሉ የሚያሙዎት አሉ። ሐሰት ነው፤ አንዲት ሰዓት አልነኩም። ባለ 4 ክሬዲት አወር ኮርስ በ16 ሳምንት 64 ሰዓት ሌክቸር ነው። እርስዎም ይህንኑ 64 በሳምንት 8 ሰዓት እያደረጉ በ8 ሳምንት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይከፍላሉ። ሬጅስትራር ቢመረምርዎ ንጹሕ ነዎት። ጉድለቱ ያለው ማንም በማይመረምረው መዝገብ ላይ ነው። በ16 ሳምንት ውስጥ 112 ሌሊት አለ፤ በ8 ሳምንት ውስጥ 56። ሒሳብ ደግሞ ክፍል ውስጥ የገባ መስሎ ማታ ወረቀት ላይ እምቢ ይላል፤ በማግስቱ ፊት ሲታጠቡ «ለካ እዚያ ጋ ነው!» ይባላል። እርስዎ የወሰዱብን ያቺን ማግስት ነው።

ስሌት ስለሚወዱ እንቀጥል። ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት ጥናት ይባላል፤ ለሒሳብ አይበዛም። ብቻዎን ቢመጡ 8 ሲደመር 16፣ በሳምንት 24 ሰዓት ነበር፤ እንችለው ነበር። ግን መቼ ብቻዎን መጥተው ያውቃሉ? ሊኒየር አልጀብራን በቀኝ፣ አንድ የፔዳጎጂ ኮርስ በግራ አስከትለው ነው የሚገቡት። በድምሩ 10 ክሬዲት ቢሆን 20 ሰዓት ክፍል፣ 40 ሰዓት ጥናት፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 10 ሰዓት ማለት ነው። ልብስ ማጠቢያው፣ የካፌው ሰልፍና መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አልተቆጠሩም።

ሁለተኛውን ሳምንት ለይተን ማንሳት እንወዳለን። ሰኞ ከኤፕሲሎንና ከዴልታ ጋር ያስተዋውቁናል (ኤፕሲሎን ውጤቱ ከመድረሻው እንዲርቅ የሚፈቀድለት ነው፤ ዴልታ ለዚያ ሲባል ኤክስ ልትርቅ የምትችለው)፤ ረቡዕ «በዚህ እንለፍ» ይላሉ። የሰኞዋ ምሳሌ ገራም ናት። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፣ 2ኤክስ ሲቀነስ 1 ወደ 5 ይጠጋል። ከ5 ያለው ርቀት ኤክስ ከ3 ያላት ርቀት ሁለት እጥፍ ስለሆነ ዴልታ የኤፕሲሎን ግማሽ ነው። ኤፕሲሎን 0.01 ቢሉን ዴልታ 0.005 እንልዎታለን፣ በሰላም እንለያያለን። ማክሰኞ ግን «ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ኤክስ ስኩዌር ወደ 4 እንደሚጠጋ አሳዩ» ይመጣል። ልዩነቱ ሲፈታ ኤክስ ሲቀነስ 2፣ ሲባዛ በኤክስ ሲደመር 2 ነው። ይቺ ሁለተኛዋ አንድ ቦታ አትቆምም፤ ኤፕሲሎንን በእሷ አካፍሎ ዴልታ ማለት ደግሞ ክልክል ነው፣ ዴልታ የሚመረጠው ኤክስ ሳትታወቅ ነውና። መላው መጀመሪያ ኤክስን ከ2 በ1 ርቀት ውስጥ ማሰር ነው። ያኔ ኤክስ በ1 እና በ3 መካከል ትታጠራለች፣ ኤክስ ሲደመር 2 ከ5 በታች ትሆናለች፣ ዴልታም ከ1 እና ከኤፕሲሎን አንድ አምስተኛ ትንሹን መውሰድ ነው። ሰሌዳ ላይ አራት መስመር አይሞላም። «ያቺ 1 ከየት መጣች?» የሚለው ጥያቄ ግን በሦስተኛው ቀን፣ ዶርም ውስጥ፣ አልጋ ላይ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ ያን ጊዜ ዴሪቫቲቭ (የለውጥ ፍጥነት) ላይ ደርሰዋል። (ከየትም አልመጣችም። ስለምትቀል ተመረጠች። ግማሽም ብትሆን ይሠራል፤ በ5 ፋንታ 4.5 ይገባል።)

ለነገሩ ኒውተን ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲውን ቢያዘጋበት አገር ቤት ገብቶ እርስዎን የወጠነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1665 እና በ1666 ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ ሊሚትን (ያን መጠጋት) መሠረት ያደረገውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1821 ነው፤ ኤፕሲሎንና ዴልታ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዙት ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ በጀርመናዊው ቫየርሽትራስ እጅ። አውሮፓ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የፈጀበትን እርስዎ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጨርሱታል። በዚህ ፍጥነትዎ እባክዎ የካፌውን ሰልፍ ይረከቡልን።

ወደ ዋናው ክስ እንግባ፤ ቼይን ሩል፣ የውጪው ዴሪቫቲቭ በውስጡ ዴሪቫቲቭ ይባዛ የሚለው ሕግ። የ«ሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር» ዴሪቫቲቭ ሲጠየቅ «ኮሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር» ብሎ ማቆም የታወቀ ነው፤ የውስጧ 2ኤክስ ቀርታለች። መሳሳቱ ነውር የለውም። ነውሩ የሚታረምበት ቀን ነው። አሳይመንቱ ሐሙስ ይሰጣል፣ በሳምንቱ ይሰበሰባል፣ ታርሞ የሚመለሰው በሌላው ሐሙስ ነው። ሁለት ሳምንት በመደበኛው የኮርሱ ስምንተኛ እጅ ነው፤ በእርስዎ ዘንድ ሩቡ። በዚያ ሩብ ውስጥ ኢምፕሊሲት ዲፈረንሲየሽን፣ ሪሌትድ ሬትስ፣ ማክሲማና ሚኒማ አልፈዋል፤ ሁሉም ያቺን የቀረች 2ኤክስ ሳይጠይቋት። ቀይ እስክሪብቶው የነካው አንድ ቦታ ነው፤ በሽታው ግን ምዕራፍ ተሻግሯል።

ኢንተግሬሽን (ከዴሪቫቲቭ ወደ ኋላ መመለስ) ላይ ደግሞ ያው ስህተት ፊቱን አዙሮ ይመጣል። ጥያቄው ከ0 እስከ 2 ነው፤ 2ኤክስ ሲባዛ በስኩዌር ሩት ኦፍ (ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1)። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1ን ዩ እንላታለን፤ 2ኤክስ ከዲኤክስ ጋር ሆና ዲዩ ትሆንና ሁሉም ያምራል፤ በደስታው መሀል ድንበሩ ከ0 እስከ 2 እንዳለ ይቀራል። ዩ የምትሄደው ግን ከ1 እስከ 5 ነው። ቤት ለቅቆ የድሮውን አድራሻ እንደ መስጠት ነው። 6.79 ግድም መሆን የነበረበት 1.89 ሆኖ ይወጣል። ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ፈንክሽኑ ከ1 እስከ 2 ባለው ከ2.8 በታች አይወርድም፣ ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ብቻዋን ከ1.89 ትበልጣለች። ያቺ ደቂቃ ግን እርስዎ ካሳጠሩዋቸው መካከል ናት።

ሎፒታልንም፣ ላይኛውንና ታችኛውን በየዴሪቫቲቫቸው ተክቶ ሊሚት የሚያወጣውን ሕግ፣ አለቦታው ያስጠሩናል። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1፣ ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር 1፣ ኤክስ ወደ 1 ስትጠጋ፤ መተካት ብቻ ነው፣ 2 ለ2፣ 1። ሎፒታልን የጠራ 2 ያገኛል። ዜሮ ለዜሮ ወይም ኢንፊኒቲ ለኢንፊኒቲ ሳይሆን እሱን መጥራት ባልታመመ ሰው ቤት ሐኪም ማስገባት ነው።

ስለ ወቅቱም ጥቂት እንበል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሦስተኛው ወንበር በኋላ «ሲደመር» እና «ሲቀነስ» አንድ ድምፅ ናቸው። ወደ ሰሌዳው ቢያንጋጥጡ፣ እርጥብ ሰሌዳ ቾክ አይቀበልም፤ መጀመሪያ የምትጠፋውም የማይነስ ጭረት ናት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ኢንተግሬሽን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድን ይዞ ይከርማል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነሐሴ ሲያልቅ ይሰናበቱናል። ወንድምዎ ካልኩለስ ቱ የሚመጣው በሌላው ሐምሌ ነው። የክረምት ተማሪ አብዛኛው ራሱ መምህር ስለሆነ እነዚያን አሥር ወራት ስድስተኛ ክፍል ገብቶ ክፍልፋይ ሲያስተምር ይቆያል። ወንድምዎ ግን ቾኩን ሳያነሱ «ባለፈው እንዳየነው» ብለው ነው የሚጀምሩት። ባለፈው የሚሏት ባለፈው ዓመት ናት።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ሰኔን ለአልጀብራ ይተዉልን። ፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ የሚበላው ብዙ ጊዜ እርስዎ ሳይሆኑ ፋክተሪንግ፣ የኤክስፖነንት ሕግና ስኩዌር ሩት ኦፍ ኤክስ ስኩዌር ኤክስ ሳይሆን አብሶሉት ቫልዩ ኦፍ ኤክስ መሆኑ ናቸው። አሳይመንትዎ 30 ጥያቄ ሆኖ በሁለት ሳምንት ከሚታረም፣ 4 ሆኖ በማግስቱ ይታረም፤ ተማሪ ከተማሪ ወረቀት ተለዋውጦም ቢሆን። ከተቻለም ሊኒየር አልጀብራን ቤት ትተው ይምጡ። ኮፒ ቤት ደጃፍ የሚሸጠውን ሶሉሽን እኛም ማንበብ እናቆማለን፤ ወይም አንብበን ከደንነው በማግስቱ በባዶ ወረቀት እንሠራዋለን። መስመር በመስመር ሲያነቡት ሁሉም ትክክል ነው፤ ባዶው ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ነው የመጀመሪያዋ መስመር የምትጠፋው።

ከሰላምታ ጋር
የክረምት ተማሪዎችና ወረቀታቸውን የሚያርሙላቸው

ግልባጭ፦
ለዝናቡ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት እንዲታገሥ
ለኮፒ ቤቱ፤ ለመረጃ ያህል
ለካልኩለስ ቱ፤ «ባለፈው እንዳየነው» የሚለው ሐረግ ከሀንድአውታቸው ገጽ 1 እንዲሰረዝ